ለመስኮት ማጠቢያ ጎማ እጅ ያወጣን ዕለት

ዕቃ መራጭ ሁለት ዓይነት ነው፤ መርጦ ራሱ የሚሸከምና መርጦ ለሌላ የሚያሸክም። የመጀመሪያው ገበያ ሲወጣ ዕቃውን ያገላብጣል፣ ያነሣል፣ መልሶ ያስቀምጣል፣ ትከሻው ላይ አድርጎ ሁለት እርምጃ ይራመዳል፤ ነጋዴው እስኪሰለቸው ድረስ ቆሞ ያስባል። ሁለተኛው እጁን ኪሱ ከትቶ ከሩቅ ያይና "ትልቁን!" ይላል። እናንተም እንደዚያው ናችሁ፤ አትቆጡኝ፣ እኔም ነኝ። ለቤት ማገር የሚሆን እንጨት ጫካ ገብተን ስንመርጥ ወፍራሙን የምንጠቁመው ወንድማችን ሊሸከም አብሮን ሲመጣ ነው። ብቻችንን ስንሄድ ቀጭኑም ቤት ያቆማል።

እኔ ብዙ የተማርኩ ሰው አይደለሁም። ፊደል የቆጠርኩት ጢም ካወጣሁ በኋላ፣ በመሠረተ ትምህርት፣ ከልጄ እኩያ አስተማሪ ፊት ተቀምጬ ነው። ከዚያ ወዲህ ሁለት ነገር አነባለሁ፤ መጽሐፍ ቅዱሴንና የመሥሪያ ቤቱን ማስታወቂያ ሰሌዳ። ሁለቱንም በየዕለቱ አነባለሁ፤ የማምነው ግን አንዱን ነው።

የማጫውታችሁ ስለ ጎማ ነው። ጎማ ስል የመኪናውን አይደለም፤ ውሃ የሚያልፍበትን ረጅሙን ነው። ነገሩ የሆነው "ጓድ" ያልተባለ ሰው ሰው በማይመስልበት በዚያ ዘመን፣ በሚዛንና በቴፒ መካከል ካሉት የቡና እርሻዎች በአንዱ ነው። የእርሻውን ስም ልተወው፤ ዛሬ እዚያ የሚሠሩት ሰዎች ምንም አላደረጉኝም።

ሥራዬ የዋናውን ቢሮ መስኮት ማጠብ ነበር። "ዓመቱን ሙሉ ዝናብ በማያባራበት አገር መስኮት አጣቢ ምን ይሠራል?" ትሉ ይሆናል። እኔም ስቀጠር ይህንኑ ብያለሁ። ለካ ከቢሮው ጀርባ የቡና መቀሸሪያው አለ። ቡናው ሲቀሸር ገለፈቱ ይበንና መስታወቱ ላይ ያርፋል፤ ዝናብ ሲመጣ ይለጠፋል፤ ፀሐይ ብልጭ ስትል ደግሞ እንደ ቂጣ ይጋገራል። ቢሮው ባለ ሁለት ፎቅ ነው። ንድፉን ያወጣው መሐንዲስ ብርሃን የሚወድ ሰው መሆን አለበት፤ ፊቱን በሙሉ መስታወት አደረገው። ብርሃን መውደዱን አልጠላሁበትም። ማን ያጥበዋል ብሎ አለመጠየቁን ነው የጠላሁበት።

የምንወጣው በባሕር ዛፍ መሰላል ነበር። ከኔ በፊት መስኮቱን ያጥብ የነበረው ጋሽ ወልዴ ከሁለተኛው ፎቅ ወድቆ ዳሌው ተሰበረ፤ ከዚያ በኋላ የበር ዘበኛ አደረጉት። በየጥዋቱ ስገባ ተነሥቶ "ደህና አደርክ ያዕቆብ?" ይለኛል። አፉ ደህና አደርክ ሲል ዓይኑ እግሬን ነው የሚያየው። እኔ ደግሞ ከልጅነቴ ጀምሮ ከፍታ እፈራለሁ። በትውልድ ቀዬዬ በሸዋ ቤንች እያለን እኩዮቼ ቀፎ ሊሰቅሉ ዛፍ ሲወጡ እኔ ከሥር ሆኜ "በርቱ" የምል ነበርኩ። እንግዲህ እግዚአብሔር ከሥር "በርቱ" የሚለውን ሰው ነው መሰላል ላይ ያወጣው።

መሰላሉን ከታች የምትይዝልኝ እትዬ አስናቀች ነበረች። ወላጆቿ ከሰሜን የመጡ ናቸው፤ እሷ እዚሁ ተወልዳ እዚሁ ያደገች፣ አፏ ምላጭ፣ ልቧ ቅቤ የሆነ የጽዳት ሠራተኛ ናት። እሷ ኦርቶዶክስ፣ እኔ ጴንጤ። በዚያ ጊዜ የእኛ የጸሎት ቤት ታሽጎ ስለነበር ጸሎቴን የማደርሰው መሰላሉ ላይ ሆኜ በሹክሹክታ ነው። እሷ ከታች ትሰማኝና "ጮክ በል እንጂ፣ እዚያ ላይ ሆነህማ ቅርብ ነህ!" ትለኛለች። የዘወትር ጸሎቴ አጭር ናት፦ "ጌታ ሆይ፣ ከዚህ መሰላል አውርደኝ።"

አንድ ቀን ጸሎቴ በሳጥን መጣ። ከአንድ ወዳጅ አገር ነው የተላከው አሉ። ሳጥኑ ሲከፈት ትንሽ የውሃ ሞተር፣ እንደ ሸምበቆ እየተቀጣጠለ የሚረዝም ቀላል ዘንግ፣ ከዘንጉ ጫፍ ላይ ውሃ የሚያወጣ ብሩሽ ተገኘ። ሰውየው መሬት ላይ ይቆማል፤ ሞተሩ ውሃውን ይገፋል፤ ብሩሹ ሁለተኛው ፎቅ ላይ ያጥባል። ይኸው ነው።

"ያዕቆብ፣ ወረደልህ!" አለችኝ እትዬ አስናቀች።

"አሜን በዪ እንጂ አትቀልጂ፣ እትዬ።"

"አሜንማ ብያለሁ። ሽቅብ ሳይ አንገቴ የተጣመመው ለማን መሰለህ?"

አሜናችን ግን አላለቀም። ሞተሩን ከዘንጉ የሚያገናኘው ጎማ ሳጥኑ ውስጥ የለም። የተቀመጠበት ቦታ ጎድጎድ ብሎ ይታያል፤ ጎማው መንገድ ላይ ሌላ ሥራ አግኝቶ ቀርቷል። ከአዲስ አበባ ትልቅ እንግዳ ሊመጣ ሳምንት ቀርቶታል። ሥራ አስኪያጁ ሌላ ጎማ ከንብረት ክፍል እንዲመረጥ አዘዘና የመራጭ ኮሚቴ አቋቋመ። ያን ጊዜ ካለ ኮሚቴ ዶሮ እንኳ አትጮህም ነበር።

የንብረት ክፍሉ አቶ ደግፌ ሦስት ጎማ አወጣ። አንደኛው ከቡና ማጠቢያው ጣቢያ የመጣ፣ አራት ጣት የሚያስገባ ሰፊ ጎማ ነው። ሁለተኛው ለቡና በሽታ መድኃኒት የሚረጭበት ነው፤ ውስጡ ሰማያዊ ሆኗል። ሦስተኛው ጋራዥ ውስጥ የመኪና ጎማ ይነፋበት የነበረ፣ አውራ ጣት የሚያህል፣ ግድግዳው ወፍራም፣ በክር የተጠናከረ ጥቁር ጎማ ነው።

ኮሚቴው ሳይሰበሰብ በፊት ከእትዬ አስናቀች ጋር ሦስቱንም ሞከርናቸው። እዚህ ላይ ያልተማረ ሰው የሚያውቃትን አንዲት ነገር ልንገራችሁ። መስኮት ማጠብ ከመጀመሬ በፊት ችግኝ ጣቢያ ውሃ አጠጪ ነበርኩ፤ ያኔ የተማርኩት፣ ጎማ ባዶውን አይመዘንም። ባዶውን ያነሣ ሁሉ "ይኼማ ቀላል ነው" ይላል። ሞልተህ አንሣው። ሰፊውን ውሃ ሞልተን አንደኛው ጫፍ ላይ እኔ፣ ሌላው ጫፍ ላይ እሷ ብንይዘው ሆዱ መሬት ላይ ቀረ። የመድኃኒቱን ብንሞክረው ውሃው ሰማያዊ እየሆነ ወጣ። "እንግዳው ሰማይ ሲያምረው ቀና ብሎ ይይ እንጂ መስኮቱን ምን አድርጉ ብሎናል?" አለች እትዬ አስናቀች። ጥቁሩን ሞልቼ ከዘንጉ ጋር ባነሣው ብቻዬን አነሣሁት። ውሃውም ጠበብ ባለ መንገድ ስለሚሄድ ቀጥ ብሎ ወጣ። አላታለለም፣ አልከበደም፣ አልተጣጠፈም።

"ይኸው ነው። በል፣ ግባና ንገራቸው" አለችኝ።

ገባሁ።

ኮሚቴው አምስት ሰው ነው፤ እኔ ስድስተኛ፣ የሠራተኛው ድምፅ ተብዬ ተጠርቻለሁ። ሦስቱ ጎማዎች ጠረጴዛው ላይ ተጠቅልለው ተቀምጠዋል፤ ባዷቸውን። መጀመሪያ የተናገረው የማጠቢያው ጣቢያ ኃላፊ ጓድ ተስፋዬ ነው። ጓድ ተስፋዬ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ይህን ልብ በሉልኝ። ዕድሜውን ሙሉ ያጠበው ቀይ ቡና ነው፤ ቡና ሲያጥብ ለኖረ ሰው ደግሞ የሚታጠብ ነገር ሁሉ ቡና ነው።

"ጓዶች፣ ማጠብ ማለት ውሃ ማለት ነው፤ ውሃ ማለት ብዛት ማለት ነው" አለ። "በጣቢያችን ጠባብ ጎማ ያስገባን ዕለት ቡናው ቦዩ ላይ ቆመ። ሰፊውን ስናስገባ ሄደ። ተሞክሮ አለን።"

አንዱ አባል ከሳጥኑ የወጣውን መጽሐፍ ገለጠ። ቋንቋውን የሚያነብ ሰው አልነበረም፤ ሥዕሉ ግን ለሁላችንም ይነበባል። "እዚህ ሥዕሉ ላይ ግን ጎማው እንደ እርሳስ ቀጭን ነው" አለ ፈራ ተባ እያለ።

"ሥዕሉ ላይ ሰውየውስ ጣት አያክልም እንዴ?" አለው ጓድ ተስፋዬ።

ተሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ነገሩ እውነት ያስቃል፤ አሁንም ሳስበው ያስቀኛል። ከሳቅ በኋላ ደግሞ ስለ መስታወት የሚያስብ ሰው አልተገኘም። ሰብሳቢው "እንግዲህ ሰፊውን የሚደግፍ" አለ። አምስት እጅ ወጣ። ከዚያ ሰብሳቢው ዓይኑን ወደኔ አዞረና "ተቃውሞ ያለው?" አለ።

በዚያ ዘመን "ተቃውሞ ያለው?" የሚባለው መልስ ለማግኘት አልነበረም። በዚያ ላይ እኔ የጸሎት ሰው መሆኔ ይታወቃል፤ ከሁለት ሳምንት በፊት ተጠርቼ "እሑድ ጥዋት የት ነው የምትሄደው?" ተብያለሁ። ዝም አይነቅዝም ይላል ያገሬ ሰው። ዝም ብል ኖሮ እንኳ ባልከፋ፤ ዝም አላልኩም። እጄ ወጣች። አንዳንድ ሰው "እጄ ሳላውቀው ወጣች" ይላል። የኔ አውቄያት ነው የወጣችው። አንገቴን የሚያድነው ጎማ አጠገቤ ተጠቅልሎ ተቀምጦ፣ ለሰፊው እጅ አወጣሁ። ጸሐፊው "በሙሉ ድምፅ" ብሎ ጻፈ፤ እኔም ፈረምኩ። መፈረም እችላለሁ፤ መሠረተ ትምህርት ጨርሻለሁ።

ውጭ እትዬ አስናቀች ቆማ ትጠብቀኛለች።

"እህስ?"

"ሰፊው ሆነ።"

"አንተስ ምን አልክ?"

"በሙሉ ድምፅ ነው የተወሰነው።"

"እንግዲያው መሰላሉንም በሙሉ ድምፅ ይያዙልህ!" ብላ መጥረጊያዋን አንሥታ ሄደች።

የሙከራው ቀን ሠራተኛው ሁሉ ግቢው ውስጥ ተሰበሰበ። የሞተሩ አፍ አውራ ጣት ያህላል፤ ጎማው አራት ጣት። ልዩነቱን በተቀደደ ካላማዳሪ፣ በመኪና ጎማ የውስጥ ላስቲክ፣ ጠምጥመን ጠምጥመን አሰርነው፤ ላዩን ያየ ቁስለኛ ነው የሚለው። ሞተሩ ተነሣ። ጎማው መሬት ላይ እንዳለ ቀስ እያለ አበጠ፣ ተንቀሳቀሰ፣ ልክ ሚዳቋ እንደዋጠ ዘንዶ። አራት ሰው ተሸከመው። እኔ ዘንጉን ይዤ ወደ ላይ ብዘረጋው ክብደቱ ዘንጉን እንደ ቀስት አጎበጠው። ውሃው አንደኛው ፎቅ ላይ ሲደርስ ደከመው መሰለኝ ቆመ፤ ከዚያ ብሩሹ ጫፍ ላይ፣ ይቅርታ አድርጉልኝና፣ እንደ ሽማግሌ ሽንት ጠብ ጠብ አለ።

"ሰው ጨምሩ!" አለ ጓድ ተስፋዬ። "ጎማው ልክ ነው፤ ሰው ነው ያነሰው።"

ስድስት ሆኑ። ከዚያ ስምንት ሆኑ። እትዬ አስናቀች ከሰዉ መሐል ድምፅዋን አሰማች፦ "ጓድ ተስፋዬ፣ ስምንት ሰው ጎማውን ከሚሸከም ስምንቱ ያዕቆብን ቢሸከሙት አይቀልም?"

ሳቁ ሳያልቅ ካላማዳሪው ተፈታ። ጎማው ከሞተሩ ወልቆ አንድ ጊዜ ተወራጨና ጓድ ተስፋዬን ከአንገቱ እስከ ጫማው አጠበው። እውነቱን ለመናገር በዚያ ጎማ በሚገባ የታጠበ ነገር ቢኖር እሱ ብቻ ነው። ሥራ አስኪያጁ ከሰገነቱ ሆኖ ሁሉንም አየ። አልተቆጣም። "እንግዳው ነገ ነው። መስኮቱ ነገ ንጹሕ ይሁን" ብሎ ወደ ውስጥ ገባ።

መሰላሉን እኔው አመጣሁት።

አስደግፌ ቀና ብዬ ሁለተኛውን ፎቅ አየሁ። ጋሽ ወልዴ ከበሩ ላይ ሆኖ ያይና መልሶ ፊቱን ያዞራል። መጀመሪያው እርከን ላይ እንዳለሁ መሰላሉ ከታች ጸጥ አለ፤ ያዥ አገኘ። እትዬ አስናቀች ነጠላዋን ወገቧ ላይ አጥብቃ ቆማለች። "ዝም ብለህ ውጣ፤ ኩርፊያዬን ስትወርድ እቀጥላለሁ" አለችኝ።

ሁለተኛው ፎቅ ስደርስ የዘወትር ጸሎቴን ጀመርኩና አፌ ላይ ቆመብኝ። በምን አፌ አውርደኝ እለዋለሁ? የለመንኩትን ሰጥቶኛል፤ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦልኛል፤ በአጠገቡ እጄን ለሌላ ያወጣሁ እኔ ነኝ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል፤ የእጅ ወለምታማ ምን ያሽረዋል? "ጌታ ሆይ፣ ዛሬ አውርደኝ አልልህም። እንዳልወድቅ ብቻ ያዘኝ" አልኩት። ያዘኝ። እስኪመሽ ሁሉንም መስታወት አጠብኩ።

በማግሥቱ እንግዳው መጣ። መስኮቱን አየና ተደነቀ። ሞተሩ፣ ዘንጉና ሰፊው ጎማ በረንዳው ላይ ተወልውለው በመደዳ ቆመዋል። እንግዳው ንጹሑን መስኮት አየ፣ ቀጥሎ ማሽኑን አየ፣ ሁለቱን በራሱ አገናኛቸው። ማንም አልዋሸውም፤ ማንም ግን አልነገረውም። "ይህ ተሞክሮ ወደ ሌሎችም መስፋፋት አለበት" አለ። በወሩ እኔ "የማሽን ኦፕሬተር" ተባልኩና ማሽኑን ይዤ ማሻ ወዳለ አንድ መሥሪያ ቤት እንድሄድ ታዘዝኩ። ከማሽኑ ጋር መሰላሉም መኪናው ላይ ተጫነ። የዕቃው ዝርዝር ላይ "መለዋወጫ" ተብሎ ተጽፏል።

መኪናው ሊነሣ ሲል ግን ወደ አቶ ደግፌ ሄጄ "ያን ጥቁሩን ጎማ ጨምርልኝ" አልኩት። "ኮሚቴው ጥሎት የለም እንዴ?" አለኝ። "ኮሚቴው ነው የጣለው" አልኩት። እሱም ከዘንጉ ሥር ሸጎጠልኝ።

ማሻ ደጋ ነው፤ ጉሙ ቤት ድረስ ገብቶ ይቀመጣል። መስታወቱን ብታጥበውም የሚታይህ ጉም ነው። መሥሪያ ቤቱ ጀርባው ገደል ነው፤ መስኮቶቹም ወደ ገደሉ ናቸው። እንደገባሁ ኮሚቴ ተሰበሰበ፤ ሁለቱ ጎማዎች ጠረጴዛ ላይ ወጡ። ሰብሳቢው ሹራብ ላይ ካፖርት የደረቡ፣ ረጋ ያሉ አዛውንት ናቸው።

"ጓድ ያዕቆብ፣ ልምድህን አካፍለን። የትኛው ነው?"

"ቀጭኑ ነው፣ አባባ" አልኩ። ጓድ ማለት ነበረብኝ፤ ሽበቱን ሳይ አባባ ወጣኝ።

አዛውንቱ ከኛ እርሻ የተላከውን ቃለ ጉባኤ ገለጡ። "እዚህ ላይ ሰፊውን በሙሉ ድምፅ መርጣችኋል። ይህ ያንተ ፊርማ አይደለም?"

"የኔ ነው።"

"ታዲያ?"

"ፈርቼ ነው የፈረምኩት" አልኩ። "ሰፊው አንድም መስኮት አላጠበም። መስኮቱን ያጠብኩት እኔ ነኝ፣ በመሰላል። ካላመናችሁኝ ሁለቱንም ውሃ ሞልታችሁ አንሷቸው።"

የጸሐፊው እርሳስ ቆመ። ሁሉም ወደ መስኮቱ ዞሩ። ውጭው ብርድ ነው፤ ካፍያው ይወርዳል፤ ውሃ ሞልቶ ጎማ ለማንሣት የሚመች ቀን አልነበረም። አዛውንቱ ጉሮሯቸውን ጠረጉና "ጓድ ያዕቆብ ግሩም ግለ ሂስ አድርጓል" አሉ። ተጨበጨበልኝ። ደህና አድርጎ ተጨበጨበልኝ። ከጭብጨባው በኋላ "ይሁን እንጂ ማኅተም ያለበትን ተሞክሮ በቃል መሻር አይቻልም። ሰፊውን የሚደግፍ?" አሉ። እጆች ወጡ። "ተቃውሞ ያለው?"

እጄን አወጣሁ።

ጸሐፊው ግራ ገባው። "እንግዳ ድምፅ ይሰጣል እንዴ?" ብሎ ጠየቀ።

"ለድጋፍ ቢሆን ይሰጥ ነበር" አሉ አዛውንቱ፤ ቃለ ጉባኤውም አሁንም "በሙሉ ድምፅ" ተባለ።

ሰፊው እንደሆነ ውሃ አያደርስም፤ ከሰዓት በኋላ መሰላሉን ገደሉ ጠርዝ ላይ አቁሜ ግድግዳው ላይ አስደገፍኩ። ከታች የሚይዝልኝ የማላውቀው ሰው ነው፤ ጉሙ ከወገቡ በላይ ውጦታል። ስወጣ አንድ ነገር አሰብኩ። በዚህ መሰላል ላይ ያወጡኝ የሰው እጆች ናቸው፤ ብቆጥራቸው የኔ እጅ ከመካከላቸው የለችም። ይህ ለነፍስ ምን ያህል እንደሚቀል ያልሞከረው አያውቀውም፤ ጸሎቴም ሳትደናቀፍ ወጣችልኝ።

እግሬ ግን ያው ይንቀጠቀጥ ነበር።